«አተላው ብቻ ነው የቀረው»፦ የአንድ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ጉዳይ

መነሻ

መሀል አዲስ አበባ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ 5 ቀን ጠዋት፣ አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። በሶፍት የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ ከጉያቸው አወጡና ፊቴ አስቀመጧት።

«ይኸው አለቀ፣ ልጄ። አተላው ብቻ ነው የቀረው። ሌላ ስጪኝ» አሉኝ።

ብልቃጧን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ አየኋት። ፈሳሹ ተሟጦ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። ወለሏ ላይ ግን ነጭ ነገር ግግር ብሎ ተቀምጧል። እማማ አተላ ያሉት እሱን ነው። ያ ነጭ ነገር ሐኪማቸው ያዘዘላቸው መድኃኒት ነበር። 11 ቀን ሙሉ ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ የነበረው ከላይ ያለው ውኃው ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ጉዳይ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግሁት ከሰዎቹ መካከል አንድም ቸልተኛ ስላልነበረ ነው። ሁሉም ተጠንቅቀዋል። ችግሩ የመጣውም ከጥንቃቄያቸው ነው። እማማ «ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ጻፊው» ብለው ፈቅደውልኛል። የማንንም ስም አልጠቅስም።

ዳራ

እማማ 70 ዓመት አልፏቸዋል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከሴት ልጃቸውና ከ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጠላ ጠምቀው ሸጠው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ይህ ነገር ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ትንሽ ነገር ቆንጥጠው ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

ሁለቱም ዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ ነበረበት። የሞራ ግርዶሽ በአገራችን ቀንደኛው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በእሱ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ደግነቱ በቀዶ ሕክምና ይድናል። የእማማ ቀኝ ዓይን ሐምሌ 24 ቀን ተሠራ። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነበር። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የልጅ ልጃቸውን ጥርስ ቆጠሩ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሁለት ጠብታ ታዘዘላቸው። አንደኛው እንደ ውኃ የጠራ አንቲባዮቲክ ነው። ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎን አሲቴት 1%፣ በ5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ። የሁለተኛው ሥራ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቆጣውን ዓይን ማብረድ ነው። አወሳሰዱ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 4 ጊዜ፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 2፣ በአራተኛው 1 ጊዜ፣ እያንዳንዱ ጊዜ አንድ ጠብታ።

ሒሳቡን እንሥራው። ሁሉም ሲደመር 70 ጠብታ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር በግምት 20 ጠብታ ይወጣዋል። 5 ሚሊ ሊትር ማለት ወደ 100 ጠብታ ነው። እስከ መጨረሻው ደርሶ መትረፍ ነበረበት። እስከ 11ኛው ቀን ደግሞ ቢበዛ 40 ጠብታ ነበር የሚያስፈልገው። ታዲያ ሌላው የት ገባ?

መድኃኒቱን ከእኛ ቤት የገዛችው ልጃቸው ናት። ያስረከብኳትም እኔው ነኝ። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር። «በደንብ ነቅንቃችሁ ነው የምታደርጉላቸው» ብያታለሁ። እሷም «እሺ» ብላ ሄደች። ያ ንግግር አሥር ሰከንድ አይሞላም።

ያየሁት ችግር

ይበልጥ ያሳሰበኝ ብልቃጡ ሳይሆን ዓይናቸው ነው። ቀልቷል። ወደ መብራቱ ሲያዩ ያጨናብሱታል። «ይቆረቁረኛል፣ ይከብደኛል» አሉ። ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ቀልቶ ብርሃን ከፈራ፣ ካመመ ወይም እይታ ከቀነሰ መድኃኒት ቤት ቆሞ ጠብታ የሚገዛበት ጊዜ አይደለም። በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ስለዚህ ምንም አልሸጥኩላቸውም። ከመላኬ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ «እማማ፣ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ።»

ወንበር ሰጠኋቸው። ልጁ ብልቃጡን ተቀበላቸው። ልክ አንድ ሰው የሞላ ስኒ እንደሚይዝ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ያዘው። ከፈተው። በአንድ ጊዜ ገለበጠና ከዓይናቸው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ጨመቀው። ምንም አልወጣም። ጠንክሮ ጨመቀው። አሁንም የለም። በሦስተኛው ፍርጥ ብሎ ወጣና ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ለምንድነው የማትነቀንቀው?» አልኩት።

ልጁ አያቱን አየ። እሳቸው መለሱልኝ፦ «እኔ ነኝ አትነቅንቅ ያልኩት። አተላው ይነሳል። የተሠራ ዓይን ውስጥ አተላ ይገባል እንዴ?»

ይህን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ የጠመቀ እጅ ነው። ጠላ ሲቀዳ ጋኑ አይናወጥም። ቡናም ቢሆን ጀበናው ተቀምጦ እስኪሰክን ይጠበቃል፣ ከዚያ በቀስታ ይቀዳል። ጥሩው ከላይ ነው፣ ከታች ያለው ይደፋል። እማማ ብልቃጡ ውስጥ ነጭ ነገር ዘቅጦ ሲያዩ በሚያውቁት ልክ ተጠነቀቁ። ትክክለኛ እውቀት ነው። የማይሠራው እዚህ ዕቃ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ተደራርቦ የመጣው ነገር ይህን ይመስላል።

ፕሬድኒሶሎን አሲቴት ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ እንደ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ በወፈር ባለ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው የሚመጣው። ቁጭ ሲል ይዘቅጣል። ሲነቀነቅ ነጭ ወተት ይመስላል፣ ያኔ እያንዳንዱ ጠብታ እኩል መድኃኒት ይይዛል። ካልተነቀነቀ ከላይ ያለው ቀጭን ነው፣ ከታች ያለው ደግሞ እየጠጠረ ይሄዳል። ካርቶኑ ላይ በደንብ ይነቅንቁ ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ካርቶኑም በመጀመሪያው ቀን ተጥሏል።

ብልቃጡን ፍሪጅ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። እማማ ከዓመታት በፊት ክሎራምፌኒኮል የዓይን ጠብታ ታዞላቸው «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ተብለው ያውቃሉ። ለዚያኛው ልክ ነው። ይህኛው ግን ቤት ውስጥ፣ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት፣ ቆሞ መቀመጥ ነው የሚፈልገው። ፍሪጁ ፈሳሹን ይበልጥ አወፈረው። ወፍራም ፈሳሽ ደግሞ ብልቃጡ ሲገለበጥ ወዲያው አፉ ጋ አይደርስም። ልጁ ሁለት ጊዜ ጨምቆ አልወጣ ሲለው ጠንክሮ የሚጨምቀው ለዚህ ነው።

ሌላው የብልቃጡ አፍ ነው። ከውጭ ከሚመጡት ጠብታዎች አንዳንዶቹ አፋቸው ድፍን ነው። ክዳኑ ውስጥ ትንሽ ሹል አለች። ክዳኑን እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ስታዞረው ሹሏ አፉን ትበሳዋለች። ይህን ልጅቷ አላወቀችም፣ እኔም አልነገርኳትም። ድፍን ሲሆንባት መርፌ በምድጃ እሳት አግላ በሳችው። ቀዳዳው ሰፋ፣ ጠርዙም ተቦጫጨቀ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፉ ላይ የቀረው ፈሳሽ እየደረቀ እንደ ኖራ ነጭ ቅርፊት ሠራ። ሲደፈን በዚያው መርፌ ይጎረጎራል። ለተሠራ ዓይን ይህ ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ነገር ነው። በመርፌው የሚገባው ጀርም በቀጥታ ወደ ቁስሉ ነው የሚሄደው።

በመጨረሻ ጾሙ አለ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስቀድሳሉ። ጠብታው ዓይናቸው ውስጥ በገባ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይመራቸዋል። «የሚመር ነገር ጉሮሮዬ ገብቶ እንዴት ጾምኩ እላለሁ?» አሉኝ። ስለዚህ የጠዋቱንና የቀትሩን ትተው ከቅዳሴ መልስ ያለውን ብቻ ያደርጉ ነበር። ለልጃቸውም ለሐኪሙም አልነገሩም። ማንም ስላልጠየቃቸው።

የጠብታው ሒሳብ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። በ11 ቀን ውስጥ 30 ጊዜ ያህል ብቻ ነው ያደረጉት። በእያንዳንዱ ጊዜ ግን ሦስት ጠብታ የሚሆን ይፈስ ነበር። ዓይናችን ውስጥ በተለምዶ ያለው እንባ 10 ማይክሮ ሊትር እንኳን አይሞላም፤ ቢበዛ 30 ያህል ቢይዝ ነው። አንድ ጠብታ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ይሆናል። አንዷ ጠብታ ራሷ ትተርፋለች ማለት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለጉንጭ ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ያየሁትን በአጭር ማስታወሻ ጽፌ ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው። ጠብታው ሳይነቀነቅ እንደነበረ፣ በመርፌ እንደተበሳ፣ ከነሐሴ 1 ወዲህ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ እንደሆነ ነው የጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። ዓይኑ ገና እንደተቆጣ ነው፣ ጀርም ግን አልገባም ተባሉ። ሐኪሙ ወደ ጠንካራ መድኃኒት ለመሄድ አስቦ ነበር። ማስታወሻውን ሲያይ ያንኑ መድኃኒት በአዲስ ብልቃጥ፣ ከ4 ጊዜ እንደገና እንዲጀምሩ አዘዘ። አሮጌውን ብልቃጥ ተቀብዬ አስወገድኩት። ነጩ መድኃኒት ውስጡ ቢኖርም፣ በመርፌ የተጎረጎረ ብልቃጥ ለማንም ዓይን አይሆንም።

ልጃቸውንም ስልክ ደውዬ ከሥራ ስትወጣ እንድትመጣ አደረግሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሦስቱም ፊቴ ነበሩ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ያህል ወስዶብኛል። ባልደረባዬ መስኮቱን ስለያዘችልኝ ነው የተቻለው።

አዲሱን ብልቃጥ መብራት ላይ ይዤ አሳየኋቸው። «እማማ፣ ይሄ ጠላ አይደለም። በሶ ነው» አልኳቸው። በሶ ብጥብጥ ካልተነቀነቀ ዱቄቱ ከታች ይቀራል፣ የሚጠጣው ውኃ ነው። ብልቃጡን ነቀነቅሁት። ነጭ ሆነ። እማማ ጠጋ ብለው በተሠራው ዓይናቸው አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ፦ «እኔስ ለካ ጥሬ ውኃ ነው የማደርገው የነበረው» አሉ። ልጁ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ደንግጠዋል። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ክዳኑን ልጅቷ ራሷ አጥብቃ እንድትዞረው አደረግሁ። ሹሏ አፉን ስትበሳ ቀጭን ድምፅ ተሰማት። መልሳ ስትከፍተው የመርፌ ጫፍ የምታህል ንጹሕ ቀዳዳ። «በቃ ይኸው ነው?» አለች።

ልምምዱን መጀመሪያ በውኃ አደረግነው። ልጁ ያየሁትን ስህተት ሁሉ በአንድ ቀን አስተካከለ፣ ልጆች ሲያሳዩአቸው ቶሎ ነው የሚይዙት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ብልቃጡ ክዳኑ ሳይከፈት እስከ 20 እየተቆጠረ ይነቀነቃል። እማማ አልጋ ላይ በጀርባቸው ይተኛሉ። ልጁ የታችኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ስቦ ኪስ ይሠራል። የብልቃጡን እጅ ግንባራቸው ላይ ያሳርፋል። ይገለብጥና እስከ 5 ይቆጥራል፣ ወፍራሙ ፈሳሽ አፉ ጋ እንዲወርድ። ከዚያ በቀስታ፣ አንዴ ብቻ ይጨምቃል። አፉ ሽፋሽፍትም ቆዳም አይነካም። ክዳኑ ወዲያው ይዘጋል።

ከጠብታው በኋላ ዓይን ይከደናል። በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ በጣት ጫን ይደረጋል። ዓይኑ ላይ ሳይሆን፣ አጥንቱ ላይ። እንባ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወርድባት ቀጭን ቱቦ እዚያ ጋ ናት። ሁለት ደቂቃ ያህል ከተያዘች መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቆያል፣ ምሬቱም ጉሮሮ አይደርስም። ሁለት ደቂቃን በምን እንለካ? እማማ «አባታችን ሆይ እላለሁ» አሉ። በሰዓቴ ያዝኩላቸው። በእሳቸው ርጋታ ሦስት ጊዜ ሲደግሙት ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ሁለቱን ጠብታዎችም በተርታ አደረግናቸው። መጀመሪያ ውኃ የመሰለው አንቲባዮቲክ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወፍራሙ። ወፍራሙ ከቀደመ ቀጭኑን አያስገባውም፣ ወዲያው ከተከታተሉ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያጥበዋል። ሰዓቱን ጠዋት 1፣ ቀትር 6፣ ከሰዓት 11 እና ማታ 3 አልነው።

ጾሙን በተመለከተ እኔ ምንም ማለት አልፈለግሁም፣ ቦታዬ አይደለም። ለነፍስ አባታቸው እንዲነግሯቸው ብቻ ለመንኳቸው። በማግስቱ ማለዳ ደወሉልኝ። «መድኃኒት ነው፣ አድርጊ፤ ብሎኛል» አሉ። ድምፃቸው ቀሎ ነበር።

ያልሠራልን

ትልልቅ ፊደል አድርጌ መመሪያ ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር። ለቤተሰቡ ጠቅሟል። ለእማማ ግን አልሆነም፣ የተሠራው ዓይናቸው ገና መነጽር አልተለካለትም፣ ግራው ደግሞ ሞራ አለበት።

የስልክ ማስታወሻ ደወልም ሞክረን ነበር። የተሞላው በልጃቸው ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ከእሷ ጋር ሥራ ይሄዳል። ሁለት ቀን ቢሮዋ ውስጥ ሲጮህ ዋለ። ኋላ ላይ ልጁ ደብተሩ ላይ ሰንጠረዥ ሠራና ባደረገ ቁጥር ምልክት ያደርግ ጀመር። ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም፣ ቤት ነው የሚውለው።

እማማ ራሳቸው እንዲያደርጉ በጣም ፈልጌ ነበር። ልጁ የማይኖርበት ሰዓት ይኖራላ። ብልቃጧ ግን ለእጃቸው ትንሽ ናት፣ ታዳልጣቸዋለች። በስፖንጅ ጠቀለልናት። ወፈረች፣ ግን ስፖንጁ ውኃ ይይዛል፣ ጽሑፉንም ሸፈነው። ተውነው። የብር ማሰሪያ ላስቲክ አራት ጊዜ ስንጠመጥምባት ግን አልተንሸራተተችም። በሁለት ጣት ከመቆንጠጥ ይልቅ በታጠፈው ጠቋሚ ጣትና በአውራ ጣት ሥር መሀል እንዲጨምቁ አሳየኋቸው። ኃይሉ ከመዳፍ ይመጣል። ከአምስት ሦስቱን ያገኛሉ። እኔ እንደተሳካ አልቆጥረውም፣ ለክፉ ቀን ግን ይሆናል።

ዓይን ጨፍኖ ጥግ ላይ ማንጠባጠብና ከዚያ መግለጥ የሚባል ዘዴም አለ። በደንብ ለሚጨፍኑና ለሚፈሩ ሰዎች ጥሩ ነው። ወፍራም ጠብታ ግን ቀስ እያለ ነው የሚገባው። እማማ ደግሞ ጉንጫቸው ላይ ርጥበት ሲሰማቸው እጃቸው ሳያስቡት ወደ ነጠላቸው ይሄዳል። ጠብታው ሳይገባ ይጠረጋል።

ውጤቱ

ነሐሴ 10 ቀን ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ብልቃጧ ፍሪጅ ውስጥ አልነበረችም። መስኮት በሌለበት በኩል፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ስኒ ውስጥ ቆማለች። አፏ ንጹሕ ነው። ዓይናቸው መቅላቱ ቀንሷል። ማታ ከጠብታ በኋላ እይታቸው ለጥቂት ደቂቃ እንደሚደበዝዝ ነገሩኝ። ወፍራም ጠብታ ያንን ያደርጋል፣ ይጠራል። ደጃቸው ሦስት የድንጋይ ደረጃ ስላለው እስኪጠራ እንዳይወጡ አደራ አልኩ።

የመጨረሻዋ ጠብታ የዋለችው ጳጉሜ 3 ቀን ነው። የሩፋኤል ዕለት። እማማ ይህን ሳይጠቅሱ አያልፉም፣ ሩፋኤል የጦቢትን ዓይን ያበራ መልአክ ነውና። የዚያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ በዝናቡ ሲጠመቅ እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ብቻ አስነኩ። ሐኪሙ በቀጣዩ ቀጠሮ ዓይኑ በደንብ እንደበረደ ነገራቸው።

ብልቃጡ ውስጥ ሩብ ያህል ቀርቶ ነበር። ጎረቤት ዓይኑን ለሚያሳክከው ልጇ ጠይቃቸው፣ እሳቸው ለመስጠት ከመወሰናቸው በፊት ወደ እኔ ይዘው መጡ። በዚህ ደስ ብሎኛል። ይህ ጠብታ ስቴሮይድ ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ራሱ የሞራ ግርዶሽ ያመጣል። አንዳንድ የዓይን ጀርሞችንም ያባብሳል። በዚያ ላይ ከተከፈተ አራት ሳምንት የሞላው ጠብታ ይጣላል። እዚያው አስወገድነው፣ ጎረቤቷም ልጇን ወደ ሐኪም ወሰደችው።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

ከዚህ በኋላ በእኛ ቤት የተለወጠ ነገር አለ። ጠብታ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ዓይን ውስጥ የሚጨምረው ማነው?» ሆኗል። ገዢውና ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። መመሪያ በሰው በሰው ሲሄድ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ገባዎት?» ብዬ መጠየቅም ትቻለሁ። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ «አዎ» የማይል የለም። ይሉኝታ አለ፣ ከኋላ ሰልፍ አለ። «ያሳዩኝ» ስል ግን እጅ አይዋሽም። እማማን ስጠይቃቸው ቢሆን ኖሮ «በደንብ ነው የማደርገው» ነበር የሚሉኝ፣ እውነታቸውንም ነበር።

የሚነቀነቅ ጠብታ ይህ ብቻ አይደለም። ለግላኮማ (ለዓይን ግፊት ሕመም) የሚታዘዘው ብሪንዞላማይድም እንዲሁ ነጭና ወፈር ያለ ነው፣ በየቀኑ ለዓመታት የሚወሰድ። ግላኮማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያምም፣ መድኃኒቱ እየገባ አለመሆኑን ዓይኑ አይነግርህም። እማማ ዓይናቸው ስለቀላ ነው የመጡት። የግላኮማ ታካሚ ሳይነቀንቅ ቢጠቀም ግን የሚመልሰው ምልክት የለም። ለዚህ ነው እነሱ ላይ ይበልጥ ጊዜ የምወስደው። ጄል የሆኑ ጠብታዎችም አሉ፣ ጠብታዎች ሲደራረቡ መጨረሻ ላይ የሚገቡ። የዓይን ቅባት ካለ ከእነሱም በኋላ ነው።

ጠብታ ቶሎ ያለቀበት ሰው ሲመጣ «ብልቃጡን ይዘው ይምጡ» እላለሁ። ባዶ ብልቃጥ ብዙ ይናገራል። አፉ፣ ቅርፊቱ፣ ከታች የቀረው ነገር።

ጾምንም እጠይቃለሁ፣ ሮመዳንም ሲሆን። በጥፋተኝነት ስሜት የተዘለለ ጠብታ በማንም ካርድ ላይ አይጻፍም።

ሁለተኛው ዓይን

የግራ ዓይናቸው በኅዳር ተሠራ። በዚህ ጊዜ እማማ ራሳቸው ከልጃቸው ጋር መጥተው ነው መድኃኒቱን የወሰዱት። ብልቃጡ ከሌላ አምራች ነበር፣ አፉ ክፍት ሆኖ የሚመጣው ዓይነት፣ ሹል የለውም። ልጅቷ ክዳኑን አጥብቃ አዙራ ድምፁን ስትጠብቅ አየኋትና ይህንንም አሳየኋት። አቅርቦቱ በተለወጠ ቁጥር ብልቃጡ ይለወጣል፣ እኛም በየጊዜው መክፈት ይኖርብናል።

ላስቲኩን ከቤት ይዘው ነው የመጡት። እዚያው ጠመጠሙት። ከአጠገባቸው ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት ከነጭ ጠብታ ጋር ቆመው ነበር። እማማ የሰውየውን ብልቃጥ ከእጃቸው ወስደው መብራቱ ላይ ያዙና፦ «አባቴ፣ ይቺን ካልነቀነቋት ውኃ ነች። በሶ በሏት» አሏቸው።